«ሦስት ሳምንት» ሲባል ስንት ሳምንት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄ እና የስፖርት አምዱ መልስ

ወደዚህ አምድ የሚደርሱት ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሐዋሳ ከተማ ክለብ ወይም ስለ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚጠይቁ ናቸው። በዚህ ዕትም ግን ከሐዋሳ የተላኩልን አራት ደብዳቤዎች፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይመካከሩ፣ አንድ ሩቅ ጨዋታ ላይ ተገናኝተዋል፤ ጉዳያቸው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ተጫዋቾች አቋምና ጉዳት ነው። ሜልበርን ዘመድ የሌለው ሐዋሳዊ እየጠፋ ነው መሰል። አራቱንም በአንድነት አቅርበናቸዋል፤ «እ.ኤ.አ.» ያልንባቸው ዓመታት የአውሮፓውያን ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ሜልበርን ከተማ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በሚበዙበት ፉትስክሬይ ሰፈር መኖር ከጀመረ ወዲህ እኔም የአውስትራሊያ እግር ኳስ ተከታታይ ሆኛለሁ። ክለቦቹ በየሳምንቱ የሚያወጡትን የተጎጂዎች ዝርዝር በስልክ ይልክልኛል። እኔ የምወደው አንድ የመሐል ሜዳ ተጫዋች ስሙ አጠገብ «የጭን ጀርባ ጡንቻ፣ ሦስት ሳምንት» ተብሎ ተጻፈ፤ እንደተባለውም በአራተኛው ሳምንት ተሰለፈ። የተሰለፈው ግን እኔ የማውቀው ሰው አልነበረም። ኳስ ላይ ሁልጊዜ በአንድ እርምጃ ይቀደማል፣ ሲጫወት የቆየውን ረጅም ምት ትቶ አጠገቡ ላለ ሰው እያቀበለ ይሸሻል። ወንድሜ «አቋሙ ወርዷል፤ ወደ ተጠባባቂው ቡድን ይውረድ» ይላል። እኔ ደግሞ «ሳይድን አሰለፉት» ብዬ ተከራክሬዋለሁ። በቡና ተወራርደናልና ከፋዩ ማን ነው? (ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ቡናውን ለጊዜው ያቆዩት። እርስዎም ወንድምዎም ያያችሁት አንድ ነገር ነው፤ የተለያየው የሰጣችሁት ስም ነው። በእኔ እምነት አብዛኛው ተመልካች በአውስትራሊያ እግር ኳስ ሊግ የሚስተው፣ ተጫዋች ወደ ሜዳ የሚመለስበትንና ወደ አቋሙ የሚመለስበትን ቀን አንድ አድርጎ በመቁጠሩ ነው። ዝርዝሩ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ቀን ብቻ ሲሆን ሁለተኛውን ቀን የሚጽፍ ክለብ የለም፤ ልጻፍ ቢልም አይችልም።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ልበል። የአውስትራሊያ እግር ኳስ ሞላላ በሆነ፣ ርዝመቱ ከ135 እስከ 185 ሜትር በሚደርስ ሜዳ ላይ በየቡድኑ 18 ተጫዋቾች ተሰልፈው የሚጫወቱት ነው። ከጨዋታ ውጭ የሚባል ሕግ የለውም፤ በሜዳው ጫፍ ከተተከሉት አራት ምሰሶዎች በሁለቱ ረጃጅሞች መካከል በእግር ተመትታ ያለፈች ኳስ ስድስት ነጥብ፣ በረጅሙና በጎኑ ባለው አጭር ምሰሶ መካከል ያለፈች ደግሞ አንድ ነጥብ ታስገኛለች። ጨዋታው አራት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል ሃያ ደቂቃ ይባል እንጂ ኳስ በቆመች ቁጥር ሰዓቱ ስለሚቆም ወደ ሠላሳ ደቂቃ ይጠጋል። የመሐል ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ይህ ሩጫ እንደ ማራቶን በአንድ ልክ የሚሄድ አይደለም፤ ፍጥነት፣ መቆም፣ መዞር፣ መዝለል፣ መጋጨት፣ እንደገና ፍጥነት ነው።

አሁን ወደ ጡንቻው እንምጣ። የጭን ጀርባ ጡንቻ ከዳሌ አጥንት ተነሥቶ ከጉልበት በታች የሚያርፍ በመሆኑ ሁለት መገጣጠሚያዎችን ያዛል፤ ዳሌን ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ ጉልበትን ያጥፋል። ሰው በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ እግሩ ወደ ፊት ተወንጭፎ መሬት ሊነካ ሲል፣ ያ ጡንቻ እየተለጠጠ በዚያው ቅጽበት እግሩን እንደ ፍሬን ይይዛል። እየተለጠጡ መያዝ ከባድ ሥራ ነውና ጡንቻው የሚቀደደው በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። የአውስትራሊያው ተጫዋች በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ይጨምርበታል፤ በሩጫ ላይ እያለ ወገቡን አጥፎ መሬት ላይ የምትንከባለለውን ሞላላ ኳስ በእጁ ያነሣል። ወገብ ሲታጠፍ ዳሌ ይታጠፋል፤ ቀድሞውኑ የተለጠጠው ጡንቻ በሌላኛው ጫፉም ይሳባል። እኛ የምናውቀው እግር ኳስ ተጫዋች ኳሷን በእግሩ ስለሚገፋት በሩጫ መሐል ያን ያህል ጎንበስ እንዲል የሚያስገድደው ነገር የለም። ሊጉ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የተጫዋቾቹን ጉዳት በየዓመቱ እየመዘገበ ሲያጠና ቆይቷል፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የጭን ጀርባ ጡንቻ ከዝርዝሩ አናት ርቆ አያውቅም። አውስትራሊያውያኑ በቁልምጫ «ሃሚ» ይሉታል፤ ደጋግሞ የሚመጣ እንግዳ የቤት ስም ቢወጣለት አይገርምም።

የሚቀጥለውን ከራሴ ሕይወት ብናገር ይቅር ይበሉኝ። በወጣትነቴ ከታቦር ተራራ ግርጌ በሚገኝ አቧራማ ሜዳ ላይ በሰፈር ውድድር ስጫወት ይኸው ጡንቻ ተቀደደብኝ። ድምፅ የሰማሁ ያህል ተሰማኝና ከኋላዬ ድንጋይ የወረወረብኝ ሰው መስሎኝ ዞርኩ፤ ማንም አልነበረም። የቡድናችን ወጌሻ በቅቤ አሽቶ «በሁለት ሳምንት ትጫወታለህ» አለኝ። በሦስተኛው እሑድ ያለ አንዳች ሕመም ገባሁ። ቀጥ ብዬ ስሮጥ ደኅና ነበርኩ። ከዚያ አንዲት ኳስ ከፊቴ ሸሸች፤ ደርሼ እግሬን ልዘረጋላት ስችል ሰውነቴ እኔን ሳያማክር ግማሽ እርምጃ አሳጠረ። ተከላካዩ ቀደመኝ። በመስመሩ ዳር የቆሙት ተመልካቾች «ፈርቷል» አሉ። አልፈራሁም ነበር፤ ቢያንስ እንደፈራሁ አላውቅም ነበር። ጡንቻው ገጥሟል፤ በዚያ ርዝመትና በዚያ ፍጥነት መታመኑ ግን ገና አልተመለሰም። ያንን ግማሽ እርምጃ ለማስመለስ የቀረውን የክረምት ወራት ሁሉ ወሰደብኝ።

እርስዎ «ሁልጊዜ በአንድ እርምጃ ይቀደማል» ብለው የጻፉት ይህንኑ ነው። ሦስት ሳምንት ያልተጫወተ ሰው ያጣው የጡንቻውን ጤንነት ብቻ አይደለም፤ በጣም ፈጣን ሩጫ የመሮጥ ልማዱንም አጥቷል። ተጫዋቾቹ በሁለቱ ትከሻዎቻቸው መካከል በምትገኝ ትንሽ ኪስ ውስጥ የሚይዙት የሳተላይት መከታተያ መሣሪያ ለአሰልጣኞቹ የሚነግራቸው ይህንኑ ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ ብቻ ሳይሆን ስንቱን በከፍተኛ ፍጥነት እንደሮጠ ጭምር። በልምምድ ላይ ያንን መጠን ቀስ በቀስ መልሰው ይገነቡታል። ልምምድ ግን ጨዋታን አይሆንም፤ በልምምድ ላይ ተጫዋቹ የሚሮጥበትን ሰዓት ያውቀዋል፣ በጨዋታ ግን ኳሷ ትመርጥለታለች።

ስለዚህ ወንድምዎ አቋሙ ወርዷል ማለታቸው ትክክል ነው፤ ስሕተታቸው የወረደ አቋም በተጠባባቂው ቡድን ብቻ ይጠገናል ማለታቸው ነው። እርስዎም ሳይድን አሰለፉት ማለትዎ በከፊል ትክክል ነው፤ ጡንቻው ድኖ ሰውየው ገና ላይድን ይችላልና። ተጫዋቹን በሚቀጥሉት ጨዋታዎች ሲያዩ ኳስ የነካበትን ብዛት አይቁጠሩ። ቁጥሩ ያታልላል፤ ከጉዳት የተመለሰ ተጫዋች እንደ ድሮው ብዙ ጊዜ ኳስ ሊያገኝ ይችላል፣ ነገር ግን ያገኛትን ወዲያው በእጁ አጠገቡ ላለው ይሰጣል እንጂ ሮጦ ረጅም አይመታም። የሚያዩት ጎንበስ ሲል ነው። ኳሷን በሩጫው ልክ እየሄደ ካነሣት ተመልሷል፤ ከማንሣቱ በፊት ሁለት አጫጭር እርምጃዎች ከጨመረ ገና ነው። እስከዚያ ቡናው ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ባለፈው የመስቀል በዓል ጠዋት፣ መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቤተሰቤ ጋር ቁርስ ከመቅረቡ በፊት የብሪስቤንንና የጂሎንግን የፍጻሜ ጨዋታ በስልኬ ተመለከትኩ። የብሪስቤኑ ላኪ ኒል የባት ጡንቻው ተጎድቶ ሳለ በተጠባባቂነት ተይዞ ከዕረፍት በኋላ ገባ። የጂሎንጉ ተከላካይ ቶም ስቱዋርት ግን ጭንቅላቱ ላይ ተመትቶ ስለነበር ጨርሶ አልተሰለፈም። ለአንዱ ዕድል ሰጥቶ ለሌላው መከልከል ፍትሐዊ ነውን? ደግሞስ ያልዳነ ሰው በፍጻሜ ጨዋታ ማሰለፍ ጀግንነት ነው ወይስ ሞኝነት? (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ጨዋታው በሜልበርን ከቀትር በኋላ የሚጀመር ሲሆን በሰባት ሰዓት ልዩነት ለእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይውላል፤ ስለዚህ እኔም እንደ እርስዎ ከዳቦው በፊት ኒልን አይቻለሁ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ ቀላል ነው። የጭንቅላት መናወጥ የደረሰበት ተጫዋች ቢያንስ 12 ቀን ሳይሞላው እንዳይጫወት ሊጉ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ደንግጓል። ስቱዋርት የተመታው ከፍጻሜው በፊት በነበረው ጨዋታ ላይ ነበር፤ በሁለቱ ጨዋታዎች መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ ከ12 ቀን ያነሰ ነው። አሰልጣኙም፣ ሐኪሙም፣ ተጫዋቹ ራሱም የሚከራከሩበት ቀዳዳ የለም፤ መኖርም የለበትም። የባት ጡንቻ ሲያም ባለቤቱ ያውቃል፤ ቢሳሳት የሚጎዳውም ባቱ ነው። የተናወጠ ጭንቅላት ግን የሚፈርደውን አካል ራሱን የጎዳ ነው፤ «ደኅና ነኝ» የሚለው አፍ ከተመታው ራስ የመጣ ነውና ምስክርነቱ አይጸናም። ስለዚህ ልዩነቱ አድልዎ አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከባዱ ነው። ኒል ከፍጻሜው ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በዚያው በጂሎንግ ላይ በተደረገ ጨዋታ ሲጎዳ ብዙዎች ዘመኑ አበቃ ብለው ነበር። ብሪስቤን ሙሉ ጨዋታ አልጠየቀውም፤ እስከ ዕረፍት አስቀምጦ የሌሎች እግር ሲዝል አስገባው። ብሪስቤን በ47 ነጥብ አሸነፈ። እኔ እዚህ ላይ የማደንቀው ድፍረቱን ሳይሆን ስፍሩን ነው፤ ሰውየው ያለውን ያህል ብቻ ተጠየቀ።

ይህን እ.ኤ.አ. ከ2022 የፍጻሜ ጨዋታ ጋር ያስተያዩት። በዚያ ዓመት የተገናኙት ጂሎንግና ሲድኒ ነበሩ፤ ሁለቱም ከፍጻሜው በፊት በነበረው ሳምንት አንድ አንድ ሰው ተጎድቶባቸዋል። የጂሎንጉ ወጣት ማክስ ሆልምስ የጭን ጀርባ ጡንቻው ነበር፤ ክለቡ አውጥቶት በምትኩ ማርክ ኦኮነርን አሰለፈ። የሲድኒው ሳም ሪድ የብሽሽት ጡንቻው ነበር፤ ክለቡ ከመጀመሪያው አሰለፈው። ሪድ ጨዋታውን ሳይጨርስ ተቀይሮ ወጣ። ጂሎንግ 133 ለ52፣ በ81 ነጥብ ልዩነት አሸነፈ። ለሰማንያ አንድ ነጥብ የአንድ ሰው ብሽሽት ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ሲድኒ በዚያ ቀን በሁሉም ቦታ ተበልጧል፤ ሪድን ማሰለፍ ሽንፈቱን አላመጣውም። ነገር ግን የሆልምስን ፊት ያየ ሰው ትክክለኛው ውሳኔ ምን ያህል ጨካኝ እንደሆነ ይገባዋል። ሃያ ዓመት እንደሞላህ፣ ከአንድ ሳምንት በፊት በሙሉ አቋምህ ላይ ሳለህ፣ ጓደኞችህ ዋንጫ ሲያነሡ በሙሉ ልብስ ቆመህ ማየት!

ሌላም ምሳሌ አለ፤ እርሱን ሳነሣ ሁልጊዜ እጨነቃለሁ። የፍሪማንትሉ ናት ፋይፍ እ.ኤ.አ. በ2015 የሊጉን ምርጥ ተጫዋች ሜዳልያ ብራውንሎውን አገኘ፤ በዚያው ዓመት በግማሽ ፍጻሜው ላይ ከሆውቶርን ጋር የተጫወተው ከጉልበቱ በታች ያለው ቀጭኑ አጥንት ተሰብሮ ሳለ ነበር። ፍሪማንትል ተሸነፈ። በተከታዩ ዓመት ገና በውድድሩ መጀመሪያ ያው እግር እንደገና ተሰበረ። ያን ቀን የተመለከቱት ሰዎች «የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች በወሳኙ ጨዋታ አቋሙ ወረደ» ብለው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ይችሉ ነበር፤ እውነቱ የተሰማው ከጨዋታው በኋላ ነውና። ፋይፍ ያንኑ ሜዳልያ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ወስዷል፤ መካከል ላይ ያሉት አራት ዓመታት ግን ምን እንደሚመስሉ እግሩን ይጠይቁ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው፦ ያልዳነን ሰው ማሰለፍ ሞኝነት የሚሆነው ክለቡ ከእርሱ የሚጠብቀው የጤናማውን ያህል ሲሆን ነው። በዚህ ጨዋታ ይህን ለማመጣጠን ያለው ቦታ ጠባብ መሆኑንም አይርሱ። ቀድሞ ተጫዋቾች እንደፈለጉ እየወጡና እየገቡ ያርፉ ነበር፤ ሊጉ ግን የቅያሪውን ብዛት ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከ75 ጊዜ በላይ መቀየር አይችልም። ሰባ አምስት ለእኛ ጆሮ ብዙ ነው። ሁለት ሰዓት ለሚሮጥ ቡድን ግን፣ በተለይ አንዱ ከመጀመሪያው ክፍል ከተጎዳ፣ የሌሎቹ እረፍት ወዲያው ያጥራል፤ የአንዱን ባት ያሳረፈ ቅያሪ የሌላውን ጭን ያደክማል።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ ሜልበርን ውስጥ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ትጫወታለች፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ማንም ሳይነካት ዘላ ስታርፍ ጉልበቷ ዞረና የፊተኛው መስቀለኛ ጅማቷ ተበጠሰ። እናቷ «ሁለተኛ ሜዳ አትረግጥም» ብላ ታለቅሳለች። ልጅቷ በበኩሏ ከዓመት በኋላ እንደ ድሮዬ እሆናለሁ ትላለች። ለእናቷ ምን ልበላት? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማራት። ስለ ሕክምናዋ ሐኪሟ ይናገራል፤ እኔ የምናገረው ስለ ጨዋታው ነው።

«ማንም ሳይነካት» ማለትዎ ነገሩን በትክክል ገልጾታል። ይህ ጅማት ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው በግጭት ሳይሆን ተጫዋቹ ዘሎ ሲያርፍ ወይም እግሩን ተክሎ በድንገት አቅጣጫ ሲቀይር ነው። በሴቶች ላይ ደግሞ ከወንዶች በብዙ እጥፍ ይበዛል፤ የሴቶቹ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተጀመረ ወዲህ ትልቁ ጭንቀቱ ይኸው ጉልበት ሆኗል። ለዚህም ሲባል ሊጉ «ፕሬፕ ቱ ፕሌይ» የተባለ የማሟሟቂያ ፕሮግራም አዘጋጅቷል፤ እንዴት እንደሚታረፍ፣ እንዴት እንደሚዞር፣ ተገፍቶ እንዴት እንደሚወደቅ ያስተምራል። እህትዎ ይህን ይጠይቁ፦ የልጅቷ ቡድን ይህን ማሟሟቂያ በእውነት ይሠራል ወይስ ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረው ጨዋታ ይጀምራሉ?

ጉልበትን ከሕግ ጋር የሚያያይዝ አንድ ደስ የሚል ታሪክ አለ። ቀድሞ ዳኛው መሐል ሜዳ ላይ ኳስ መሬት አንጥሮ ሲያስጀምር የሁለቱ ቡድኖች ረጃጅሞች ከሩቅ ተንደርድረው በአየር ላይ ይገናኙ ነበር፤ የአንዱ ጉልበት ከሌላው ቅልጥም እየተጋጨ የኋለኛው መስቀለኛ ጅማት ይጎዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊጉ አሥር ሜትር ስፋት ያለው ክብ አስምሮ ሁለቱ ከክቡ ውስጥ እንዲነሡ አዘዘ። መንደርደሪያው አጠረ፤ ያ ጉዳትም በግልጽ ቀነሰ። አንድ የኖራ መስመር የስንቱን ጉልበት አተረፈ!

ለእናቷ የሚነግሩት የኤሪን ፊሊፕስን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአደሌድ ከተማ በ53,034 ሰው ፊት በተደረገው የሴቶች ፍጻሜ ጨዋታ ላይ የአደሌዷ ፊሊፕስ ይኸው ጅማት ተበጥሶባት በቃሬዛ ወጣች፤ ስታዲየሙ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበላት፤ ሳትጨርስ በወጣችበት ጨዋታም የሜዳው ምርጥ ተብላ ተሸለመች። ዕድሜዋ ከሠላሳ አልፎ ነበር። ተመልሳ ለዓመታት ተጫውታለች። የወንዶቹን ካነሣን የብሪስቤኑ ዊል አሽክሮፍት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አጋማሽ ጅማቱ ተበጠሰ፣ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ተመለሰ፣ በ2024ና በ2025 በተደረጉት ሁለት የፍጻሜ ጨዋታዎች ለሜዳው ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የኖርም ስሚዝ ሜዳልያ በተከታታይ ወሰደ።

ለልጅቷ ግን ሌላ ስም ይንገሯት። የሲድኒው አሌክስ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ዋንጫ ካነሣ በኋላ የአንድ ጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ፣ ተጠግኖ፣ እንደገና ተበጥሶ ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በ2018 ተመለሰ። በተመለሰ በሁለተኛው ጨዋታ የሌላኛው ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ይህን የምጽፈው ላስፈራራት አይደለም። «ከዓመት በኋላ» የሚለው ቃል ከጤንነት ይልቅ ከቀን መቁጠሪያ የመጣ መሆኑን እንድታውቅ ነው። አዲሱ ጅማት ብዙ ጊዜ ከራሷ ከጭኗ ጀርባ ወይም ከጉልበቷ ፊት ተወስዶ የሚተከል ነው፤ እንደተተከለ መጀመሪያ ይደክማል፣ ከዚያ ነው ቀስ በቀስ ጅማት መሆንን የሚለምደው። ከዘጠኝ ወር በፊት የሚመለሱ ወጣቶች እንደገና የመጎዳት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ከእናትና ከልጅ ክርክር በፊት የሚጠየቀው «መቼ?» ሳይሆን «በተጎዳው እግር የምትዘለውና የምትገፋው ከጤናማው ጋር ተስተካክሏል ወይ?» የሚለው ነው። የጥንቱ ዘመን ይህ ዕድል አልነበረውም፤ በ98 ጨዋታ 537 ጎል ያስቆጠረው የኤሰንደኑ ጆን ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1954 ጉልበቱ ሲጎዳ ዕድሜው ገና 25 ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሊጉ አልተጫወተም። ዛሬ የሊጉ ከፍተኛ ጎል አስቆጣሪ የሚሸለመው ሜዳልያ በስሙ ይጠራል።

ጥያቄ፦ በዚህ ሊግ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደ ተጫዋች አለ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ጎበዝ ከሆነ ለምን ስሙን አዘውትረን አንሰማም? (ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እውነት ነው። ቻንግኩዎት ጂያት ይባላል፤ ከደቡብ ሱዳናውያን ወላጆች ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አውስትራሊያ ሄደ፤ ተመልካቾች አሳጥረው «ሲ ጄ» ይሉታል። ለሆውቶርን ክለብ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ተከላካይ ቢሆንም ኳስ ከኋላ ይዞ ሲወጣ እንደ አጥቂ የሚሮጥ ነው፤ በ2021 አቋሙ ከፍ ባለበት ወቅት ጉልበቱ ተጎድቶ ዓመቱ አጠረበት፤ ከዚያም በኋላ ጉዳት ደጋግሞ ጎብኝቶታል። ስሙን አዘውትረው ያልሰሙበት ምክንያት የችሎታ ማነስ ሳይሆን ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ለመጀመሪያው ጠያቂያችንም የሚሆን ነገር አለ። እንደ ጂያት ያለ ተጫዋች የሚኖረው በፍጥነቱ ነው። በጉልበት የሚገፋ ወይም ቁመቱን ተማምኖ በአየር ላይ ኳስ የሚይዝ ሰው ከፍጥነቱ አሥር በመቶ ቢያጣ በቀረው ይጫወታል፤ ሯጭ ተከላካይ ግን ያንን አሥር በመቶ ካጣ ኳስ ይዞ የሚያልፈው ሰው ይደርስበታል፣ ከደረሰበት ኳሷን ይነጠቃል፣ ከተነጠቀ በሚቀጥለው ጊዜ መውጣቱን ይተዋል። ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ዓይነት ጡንቻ፣ «ሦስት ሳምንት» ተብለው ቢጻፉ እንኳ አንዱ በአራተኛው ሳምንት አቋሙን ይዞ ሊገኝ፣ ሌላው በስምንተኛው ገና ሊፈልገው ይችላል። ዝርዝሩ ሲደርስዎ ከስሙ አጠገብ ካለው ቁጥር በፊት ተጫዋቹ በምን የሚኖር እንደሆነ ይዩ፤ ቀጥሎም ባለፈው ዓመት ዝርዝር ላይ ያው ስም ከያው ጡንቻ ጋር ተጽፎ እንደነበር ይፈልጉ። ተጽፎ ካገኙት በሦስቱ ሳምንት ላይ ሁለት ጨምረው ይቁጠሩ፤ ቡና ለመወራረድም ከዚያ በኋላ ይሻላል።